ነጠላ ጫማ አልነበረም

«መጀመሪያ ጉሮሮሽን ጥረጊ፤ ጫማውን የምታነሺው ከዚያ በኋላ ነው» አለች ሚጢጢ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና።

«አንቺ እኔን ልታስተምሪኝ?» አለች ቅጂ፣ ከልቧ ሳይሆን እንዲያው ለወጉ።

ሚጢጢ ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ ረጅሟ ናት፤ ስሙ የወጣላትም ለዚሁ ነው። ቅጂ ደግሞ ቅጂ የተባለችው የማንንም ሰው አነጋገር አንዴ ሰምታ ስለምትደግመው ነው። አንድ ጊዜ የሒሳብ መምህሩን ስታስመስል መምህሩ ራሳቸው ኮሪደር ላይ ቆመው «እዚያ ውስጥ እኔን የሆነው ማነው?» ብለው ገብተዋል። ይህ የመቅዳት ችሎታዋ የቤት ሥራዋ ላይ ታይቶ አያውቅም እንጂ ምንም አይወጣላትም።

ዛሬ የምታስመስለው ግን መምህር አይደለም። ደራሲዋ ራሳቸው መጥተዋል። ከየክፍሉ ወንበር ተለቅሞ በተሞላው አዳራሽ የፊት ረድፍ ላይ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ቅጂ መጽሐፋቸውን ሽፋኑ እስኪላላ አንብባዋለች። ሌሊት ተነስተሽ አንዱን ገጽ በቃልሽ በይ ቢሏት ትለው ነበር።

በመጽሐፉ ውስጥ ተማሪው ሁሉ ያበደላት ሴት «ወይዘሮ እየመጣ ነው» ትባላለች። ባሏ ጥሏት ሄዷል፤ ለጎረቤት ግን አልሄደም። የት ገባ ያላትን ሁሉ «እየመጣ ነው» ትላለች። እንዲያምኗትም ማለዳ ማለዳ የባሏን ነጠላ ጫማ በሩ ሥር ታዟዙረዋለች፤ ዛሬ አፍንጫውን ወደ ውስጥ፣ ነገ ወደ ውጭ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የቤት ሥራህስ ሲባል «እየመጣ ነው»፣ አውቶቡሱስ ሲባል «እየመጣ ነው» ሆኗል መልሱ።

መጋረጃው ተከፈተ። ቅጂ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ አጎንብሳ ጫማውን አነሳች፤ ግራና ቀኝ አየች። ገና ቃል ሳትተነፍስ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «እየመጣ ነው» ስትል ደግሞ ደራሲዋ እንባቸውን በመሀረብ ይጠርጉ ነበር። ሲያልቅ መድረክ ላይ ወጥተው ትከሻዋን አቀፏት።

«እኔ ስጽፋት እንኳ እንደዚህ አላሳቀችኝም» አሉ።

ቅጂ ከዚያ በፊት እንደዚያ ሰዓት ደስ ብሏት አያውቅም።

የቋንቋ መምህሩ ያዘጋጁትን ጥያቄ ጠየቁ፤ «ይህችን ሴት ከየት አመጧት?»

ደራሲዋ ፈገግ አሉ። «ፈጥሬያት እንዳይመስላችሁ። ያኔ ፀጉሬን ትሠራኝ የነበረች ሴት ናት። መቼም ፀጉር ቤት የሚያወራው ደንበኛ ነው፤ አንድ ቀን ግን ሌላ ሰው አልነበረም፣ እሷ አወራችኝ። ጫማውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ነጠላ ጫማ አልነበረም። የጥርስ ብሩሽ ነበር።»

አዳራሹ ከወዲሁ ሳቀ።

«ማለዳ ተነስታ የሄደውን ባሏን ብሩሽ ውሃ ታስነካዋለች። ለምን? ትንሽ ልጅ አለቻት። ‹አባትሽ ማታ ገብቶ ሳትነሺ ወጣ፤ ይኸው ብሩሹ እርጥብ ነው› ትላታለች። ልጅቷም ምስኪን፣ ብሩሹን እንደ እጅ ጨብጣ ‹ደህና ዋል አባዬ› ትለዋለች።»

ሳቁ ጣሪያ ነካ። ከመሀል አንዱ «እየመጣ ነው» ብሎ ጮኸ፤ እንደገና ሳቁ። ቅጂ ጫማውን እንደያዘች ቆማለች።

እቤታቸው የነበረው የብሩሽ ኩባያ ሰማያዊ ነበር። ውስጡ የእሷ ትንሽ ብሩሽ፣ የእናቷ፣ ደግሞም ከሁለቱ የሚረዝም አረንጓዴ ብሩሽ። አባቷ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሹፌር ነው ተብላ ነው ያደገችው፤ ማታ ስትተኛ የሚገባ፣ ማለዳ ሳትነሳ የሚወጣ። ትምህርት ቤት ስትገባ «ሥራ ሩቅ ወሰደው» አለቻት እናቷ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቤት ውስጥ አይነሳም። ያም ሆኖ ቅጂ ለዓመታት አብሯት የኖረ አባት ነበራት። ፊቱን አታስታውሰውም። እርጥበቱን ግን ታስታውሰዋለች።

ለካ ያም አባት አልነበረም። ይህንንም የነገሯት በማይክሮፎን ነው።

የመጽሐፍ ማስፈረሚያው ሰልፍ ውስጥ የከተታት ሚጢጢ ናት፤ ከኋላ እየገፋች። ተራቸው ሲደርስ ደራሲዋ ቀና አሉ።

«አንቺን ነው የምፈልገው። መጽሐፉ በሬድዮ ሊተረክ ነው። ለወይዘሮዋ የሚሆን ድምፅ ስንፈልግ ከርመን ነበር፤ ዛሬ ተገኘ።»

ሚጢጢ ጎኗን ጎሸም አደረገቻት። «እሺ በያቸው እንጂ።»

«የቤተሰብ ፈቃድ ግን ያስፈልጋል» አሉ ደራሲዋ መጽሐፏን ከፍተው መፈረም እየጀመሩ። «እናትሽ ምን ትሠራለች?»

«ፀጉር ትሠራለች።»

እስክሪብቶው ቆመ። ደራሲዋ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱና ግንባሯን፣ አገጯን፣ እንደገና ግንባሯን አዩ።

«ትንሽ ነበርሽ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

ቅጂ ዓይኗን ከቆመው እስክሪብቶ አላነሳችም።

«ስሟን አልጻፍኩም። ሥራዋንም ቀይሬዋለሁ። ብሩሹን ራሱ ጫማ ያደረግሁት ለእሷ ብዬ ነው።»

«ዛሬ ግን ብሩሽ አሉ» አለች ቅጂ።

ደራሲዋ ዓይናቸውን ወደ ገጹ መለሱ። ከኋላ «አስፈርመሽ ውጪ እንጂ፣ ልታድሪ ነው?» አለ አንዱ። ጀምረው የተዉትን ፊርማ ጨርሰው መጽሐፉን አቀበሏት።

«ሬድዮኑን አስቢበት» አሉ። «እናትሽንም... ሰላም በይልኝ።»

መንገድ ላይ ሚጢጢ ብቻዋን አወራች። «ሰው በሬድዮ ሊሰማሽ ነው፣ አንቺ ፊትሽን እንደ ክረምት ታጠቁሪያለሽ። እኔ ብሆን አሁን ስፈርም ነበር፤ ለዚህ ለመብራት እንጨት ሁሉ። ኧረ ያቺ ልጅ ግን! ‹ደህና ዋል አባዬ›» ብላ ድምፅዋን አቅጥና ሳቀች።

«አልቻልሽበትም» አለች ቅጂ።

«ምኑን?»

«ድምፅዋን። እንደዚያ አልነበረም የምትለው።»

ሚጢጢ ቆም ብላ አየቻት። «አንቺ ደግሞ፣ ሰምተሻታል እንዴ?»

ቅጂ ሳትመልስ ወደ ፀጉር ቤቱ ታጠፈች።

እናቷ ብቻዋን ወለል ትጠርጋለች። ደንበኛ ሁሉ ሄዷል፤ የቀረው ፀጉራቸው ነው።

«እንዴት ሆነ?» አለች ቀና ሳትል። «ሳቁልሽ?»

«ሳቁ።»

«እሰይ የኔ ልጅ።»

ቅጂ ቦርሳዋን አላወረደችም። ማታ ማታ እዚሁ ወለል ላይ ጫማ እያዞረች ስትለማመድ እናቷ ማድረቂያውን ትከፍተው ነበር፤ የሚደርቅ ፀጉር ሳይኖር። ያኔ ተናዳ «እማ፣ ድምፄን እያጠፋሽብኝ ነው» ብላታለች።

«እያወቅሽ ነው አይደል?» አለች አሁን። «ወይዘሮዋ አንቺ መሆንሽን። እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽኝ።»

መጥረጊያው የተጠረገውን ቦታ ደግሞ ጠረገው።

«ደንበኞች እዚሁ ጮክ ብለው እያነበቡ ሲስቁ ነው የሰማሁት» አለች እናቷ። «እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ እጄ ሰው ፀጉር ላይ ነበር። ቆይቼ ደወልኩላት። ብሩሹን ለማንም አልናገርም ብላ ምላልኛለች።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺማ ወደድሽው። መጽሐፍ በእጇ ይዛ የማታውቅ ልጄ ትራስ ሥር ይዛው ስትተኛ አየሁ። ከእጅሽ ልቀማሽ?»

«ብሩሹን ተናገሩት፣ እማ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰማ። እኔም ከሰው እኩል ሰማሁ።»

እናቷ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፤ ተንሸራቶ ወደቀ፤ አላነሳችውም። ለራሷ በሚመስል ድምፅ «ብሩሹንም?» አለች።

ቅጂ መጮህ ፈልጋ ነበር። መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፣ ለእናቷም ለደራሲዋም የሚሆን። በእናት ላይ መናደድና ለእናት መናደድ ባንድ ጊዜ ሲመጡ ግን የትኛው መቅደም እንዳለበት የሚያስተምር ክፍል የለም። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። ሚጢጢ ናት፤ «እሺ ልትያቸው ነው አይደል? ክፍሉ ሁሉ እየጠየቀኝ ነው።»

«አላነበውም» ብላ ጻፈችና ስልኩን ዘጋችው።

«በሬድዮ እንዳነበው ጠይቀውኝ ነበር» አለች።

«አንብቢው» አለች እናቷ ቶሎ ብላ። «ድምፅ አለሽ። ለእኔ ብለሽ አትተዪው።»

«ለእኔ ብዬ ነው የተውኩት።»

ቦርሳዋን አወረደች። የደንበኛውን ወንበር ወደ መስታወቱ አዞረችና መቀመጫውን በእጇ መታ መታ አደረገችው። «ተቀመጪ።»

«እኔ? ምን ልሆን?»

«ፀጉርሽን ላበጥርልሽ።»

እናቷ መቀመጥ እንደማያውቅ ሰው ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ቅጂ ሻሿን ፈታችና ማበጠሪያ አነሳች። የሰውን ሁሉ ፀጉር የምታሳምር ሴት፣ የራሷ ከሥር ሸብቷል።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለች ቅጂ። «ሳታሳምሪው።»

«ነገ ትምህርት ቤት ሄደሽ እኔን ልታስመስዪኝ?» አለች እናቷ፤ ቀልድ ልታስመስለው ሞክራ ነበር።

«አንቺን አላስመስልም።»

እናቷ በመስታወቱ አየቻት፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ማበጠሪያው ትንሽ ሄደ።

«አባትሽ የሄደው» አለች፣ «አንቺ መዳህ ሳትጀምሪ ነው።»

ቅጂ እጇን አላቆመችም።