ኖር የተባለው ሙት

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደሆነ ዛሬ የሚመጣ አይመስልም። ደምሰው፣ ያንን ስልክህን አጥፋው፤ ፊትህን ከሥር ሲያበራው አንተ ራስህ የምታስፈራ ሆነሃል። እንግዲህ ጨለማው ካልቀረልን ለጨለማ የሚሆን ወሬ ላውራላችሁ። የምትፈሩ ካላችሁ አሁኑኑ ወደየቤታችሁ። የለም? ደረጃው ጨለማ ስለሆነ ነው እንጂ ጀግና ሆናችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ሰዓቱ ከቀኑ አስር ሰዓት ነበር። ምነው ሳቃችሁ? መንፈስ የሚወጣው እኩለ ሌሊት ብቻ ነው ያላችሁ ማነው? ጀርመን አገር፣ በኅዳር ወር፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ፀሐይ ሥራዋን ጨርሳ ትገባለች። ጭጋጉ ከእርሻው ይነሳል፣ ጫካው ይጠቁራል፣ መንገዱ ላይ አንድ ሰው አይታይም። ከተማ እንዳይመስላችሁ፤ ገጠር ነው። ድንች፣ ላም፣ ጫካ፣ ከዚያ ቤተ መንግሥት። እንደገና ድንች፣ ላም፣ ጫካ፣ ከዚያ ሌላ ቤተ መንግሥት። በየኮረብታው አንድ መስፍን ነበራቸው ማለት ነው። እኛ መስፍን በዝቶብን ነበር እንላለን።

በዚያ መንገድ፣ በአማቻቸው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሄዱ አንድ ሰው ነበሩ። አቶ ኩራባቸው ይባላሉ። ልጃቸው ፀዳለ ጀርመን አግብታ እዚያው ትኖራለች፤ «አባዬ፣ ይምጡና ይጎብኙኝ» ብላ ነው የወሰደቻቸው።

አቶ ኩራባቸው ምን ዓይነት ሰው ናቸው? አገራቸው ሳሉ ሰርግ ቤት አርፍደው ነበር የሚገቡት። ለምን? የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» እንዲላቸው። ቀድመው ከገቡ ማን ይነሳላቸዋል? ለቅሶ ቤትም እንደዚያው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ተነስቶ ያልተቀበላቸውን ሰው ዓመት ሙሉ አኩርፈውታል፤ ሰውየው እግሩ ተሰብሮ ጀሶ ላይ ነበር። «አያቴ ደጃዝማች ነበሩ» ይላሉ። ነበሩ? የደጃዝማቹን በቅሎ ይጠብቁ ነበር የሚሉም አሉ። እኔ በሰው ዘር አልገባም።

ጀርመን ገቡ። ማን ይነሳላቸው? አማቻቸው ዮርግ ቁጭ እንዳለ «ሃሎ» ይላል። ጎረቤቱ ቁጭ እንዳለ «ሃሎ» ይላል። ውሻው እንኳ ከምንጣፉ አይነሳም። አቶ ኩራባቸው ከሱ። ምግቡ ተስማምቷቸዋል፣ ብርዱንም ችለውታል፤ ያከሳቸው ይሄ ነው።

«ባልሽ ለምንድነው የማይነሳልኝ?» አሏት ልጃቸውን።

«አባዬ፣ እዚህ አገር ሰው የሚነሳው ፍርድ ቤት ነው። ዳኛው ሲገባ።»

«እንግዲያው ፍርድ ቤት ውሰዱኝ» አሉ።

ሳቀች። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። ሰው ሆነው መቆጠራቸውን ተጠራጥረው እንቅልፍ አጥተዋል። በሚመጣው ሳምንት ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ ከዚያ በፊት አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ብድግ ብሎ እንዲቀበላቸው ፈለጉ። ከጀርመን አገር ሌላ ምንም አልፈለጉም።

ዮርግ ደግሞ የቤተ መንግሥት ፍቅር አለበት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «ዛሬ ሌላ ሽሎስ እናያለን» ይላል። ሽሎስ ማለት ቤተ መንግሥት ነው። ታዲያ እዚያ ምን ይደረጋል? ትኬት ይቆረጣል። ወለሉ እንዳይጫር ተብሎ ከጫማ በላይ ትልቅ የሱፍ ነጠላ ጫማ ይጠለቃል። ከዚያ እግርን እየጎተቱ፣ ወለሉን እየወለወሉ መሄድ ነው። አያችሁ ብልሃቱን? እንግዳው ከፍሎ ወለል ይወለውላል። ወንበሩ በገመድ ታጥሯል። አልጋው በገመድ ታጥሯል። «እዚህ አልጋ ላይ ኮንቱ ሞቱ» ይላል አስጎብኚው፤ ኮንት የእነሱ መስፍን ነው። ሰው «ኦ» ይላል። «እዚህ መስኮት ሥር ኮንቱ ተከዙ።» «ኦ።» መውጫው ላይ የኮንቱ ፊት ያለበት ስኒ ይሸጣል።

አቶ ኩራባቸው ግን ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲገቡ ይቀላቸዋል። «እዚህ ቤት ክብር የሚያውቅ ሰው ኖሮበታል» ይላሉ።

በዚያች ቅዳሜ የገቡበት ቤተ መንግሥት ትንሽ ነው፤ ጫካ ተደግፎ የቆመ፣ አንድ ጎኑን እርጥበት የበላው። ጎብኚዎቹ እነሱ ብቻ ናቸው። ጉብኝቱ ሲያልቅ ዮርግና ፀዳለ ኬክ እንቅመስ ብለው ድሮ የፈረስ ጋጣ ወደነበረው ካፌ ወረዱ። አቶ ኩራባቸው «እግሬን ላሳርፍ፣ እከተላችኋለሁ» አሉ። አስጎብኚውም ወጣ። ብቻቸውን ቀሩ። ሰማችሁ? ብቻቸውን።

አዳራሹ ጫፍ ላይ የኮንቱ ወንበር አለ፤ ክንዱ ላይ አንበሳ የተቀረጸበት። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ ገመዱን ተሻገሩ፣ ተቀመጡ። እናንተ ብትሆኑ አትቀመጡም? ደምሰው፣ አትዋሽ።

መጀመሪያ ሽታ መጣ። የራሰ ፈረስ ሽታ። ከጋጣው ነው አሉ። ቀጥሎ ድምፅ መጣ። ሽው… ሽው… ሽው። የሱፍ ነጠላ ጫማ ወለል ላይ ሲጎተት። ዘበኛው ነው አሉ። ከዚያ ጭጋጉ በተዘጋው መስኮት ገባ። በተዘጋ መስኮት እንዴት ይገባል? እሱንም የሕንፃው ማርጀት ነው አሉ። ከዚያ በሩ ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ ቆመ። አንገቱ ላይ የተበጫጨቀ ነጭ ዳንቴል። ፊቱ አመድ። ከጉልበቱ በታች እግር የለውም፤ ባዶ ነው። ከባዶው ሥር ግን ሁለቱ የሱፍ ጫማዎች ለብቻቸው ይራመዳሉ። ወለሉ እንዳይጫር፣ ሙቱም አልቀረለትም።

አሁን ሰው ምን ያደርጋል? ይጮኻል። ይሮጣል። ያማትባል። አቶ ኩራባቸው ምን አደረጉ? አስተዳደጋቸው ቀደማቸው። ትልቅ ሰው ገባ፣ እሳቸው በሰው ወንበር ተቀምጠዋል። ብድግ አሉ። ጎንበስ አሉና፣

«ኖር!» አሉ።

ይቺን ቃል መርምራችኋት ታውቃላችሁ? ኖር ማለት ኑር ማለት ናት። ለሕያው ሰው ስትሏት ጨዋነት ነው። ለሙት ስትሏትስ?

ሙቱ ባለበት ቀረ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ምን አልከኝ?» አለ።

በምን ቋንቋ ተነጋገሩ ትሉኝ ይሆናል። ሙትን ቋንቋ አይቸግረውም፤ የሚቸግረው ሰሚ ነው።

«ኖር አልኩዎት። አገራችን ትልቅ ሰው ሲገባ እንዲህ ይባላል።»

«እኔ የዚህ ቤት ጌታ ነበርኩ» አለ ሙቱ። «ከሞትኩ ጀምሮ ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። በመካከሌ እያለፉ ፎቶ ይነሳሉ። ለእኔ ግን አንድም ሰው ተነስቶልኝ አያውቅም።»

አቶ ኩራባቸው ይህን ሲሰሙ አዘኑለት። ፍርሃታቸውም ለቀቃቸው። በዚያ አገር እሳቸውን የሚመስል ሰው ሲያገኙ ይሄ የመጀመሪያው ነው፤ እሱም ሙት ሆኖ ተገኘ።

ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። ኖር የተባለ ሰው ምን ይመልሳል? አዎ፣ «በእግዜር» ይላል። ይሄ ሰውዬ አላለም።

«በእግዜር አይሉም እንዴ?» አሉት።

ሙቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «እሱን ቃል አልችለውም። አንተ ግን ድገምልኝ።»

መሮጥ እዚህ ላይ ነበር። በእግዜር የማይል ፍጡር ድገምልኝ ሲል፣ የሱፍ ጫማውን ጥሎ መሮጥ ነው። እሳቸው ግን ምን አሉ?

«እደግማለሁ። ነገር ግን እኔም ተራ ሰው አይደለሁም፤ የደጃዝማች የልጅ ልጅ ነኝ። እርስዎም ይነሱልኛል።»

«ደጃዝማች ከኮንት ይበልጣል?»

«በጣም።»

«አያትህ ቤተ መንግሥት ነበራቸው?»

አቶ ኩራባቸው የበቅሎውን ጋጣ አሰቡና «ነበራቸው፣ ሰፊ ነው» አሉ።

«እንግዲያው እነሳልሃለሁ። በመጀመሪያ ግን ልቀመጥ። ያልተቀመጠ ሰው እንዴት አድርጎ ይነሳል?»

ነገሩ ልክ ነው። አቶ ኩራባቸው ከወንበሩ ገለል አሉለት። «ኖር!» አሉ። ሙቱ ተቀመጠ፤ በሱፍ ጫማው ውስጥ እግር ገባበት። «አንዴ ጨምርልኝ» አለ። «ኖር!» አሉ። ጉንጩ ቀላ። አዳራሹ ብርድ ነው፤ ሙቱ ሲተነፍስ ከአፉ እንፋሎት ወጣ። አቶ ኩራባቸውም ተነፈሱ። ከእሳቸው አፍ ምንም አልወጣም።

ኮንቱ ቃሉን ጠበቀ። ብድግ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እስከ ወገቡ ጎንበስ አለላቸው። እንዴት ያለ መነሳት መሰላችሁ! አቶ ኩራባቸው በሕይወታቸው እንዲህ ተከብረው አያውቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙት። ሲገልጡ፣ ፊት ለፊታቸው የቆመው ሰው የእሳቸውን ካፖርት ለብሷል። የእሳቸውን ባርኔጣ ደፍቷል። ፊቱም የእሳቸው ፊት ነው።

«አባዬ፣ ይምጡ እንጂ፣ ሊዘጉ ነው» አለች ፀዳለ ከበሩ።

«መጣሁ፣ ልጄ» አለ ያኛው።

«ፀዳለ፣ አባትሽ እዚህ ነኝ» ብለው አቶ ኩራባቸው ፊቷ ተገተሩ። በመካከላቸው፣ እንደ ጭጋግ ሰንጥቃቸው አልፋ ሄደች። «እዚህ ጋ ብርዱ ይብሳል አባዬ» አለችና የያኛውን ክንድ ያዘች። ልጃቸው ናት እኮ። ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ያሳደጓት ልጅ ናት። ሊከተሏት ሲሉ ቁልቁል አዩ፤ የሱፍ ጫማው አለ፣ እግራቸው የለም። ያን ጊዜ አለቀሱ። መነሳቱም መቀመጡም ይቅርብኝ፣ ልጄ አንዴ ዞር ብላ ትየኝ ብቻ አሉ። አልዞረችም። በሩ ተቆለፈ።

በማግሥቱ ጎብኚ መጣ። በመካከላቸው አልፎ ፎቶ ተነሳ።

ያኛውስ? ያኛው በሳምንቱ በአቶ ኩራባቸው ትኬትና በአቶ ኩራባቸው ፓስፖርት አዲስ አበባ ገባ። ፎቶውን አዩ፣ ፊቱን አዩ፣ አሳለፉት። እኛ በሕይወት ያለነው ለአንድ ቪዛ ስንት ደጅ እንጠናለን፣ ሙቱ ሻንጣውን እየጎተተ ገባ። ከዚያ ሰርግ ቤት አርፍዶ ደረሰ። ሰው ብድግ ብሎ «ኖር» አለው። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ተቀመጠ። ለቅሶ ቤት ሄደ። «ኖር» አሉት። ራሱን ነቅነቅ። ሰው ምን አለ? «ጀርመን ደርሶ መጣና ኮራ» አለ፣ በቃ። እሱ በየጊዜው እየወፈረ፣ ጉንጩ እየቀላ ሄደ። ኖር ያሉት ሰዎች በየቤታቸው ከሱ፣ ገረጡ። ምን ሆናችሁ ሲባሉ «ኑሮ ነው» ይላሉ። ኑሮ ብቻ ይመስላችኋል?

ስሙን ደግሞ ኩራባቸው አልኳችሁ እንጂ ትክክለኛውን አልነገርኳችሁም። የምታውቁት ስላላችሁ ነው።

እንግዲህ ምክሬን ስሙ። ብቻችሁን ቤተ መንግሥት ውስጥ አትቅሩ። ሰው ሲገባ ግን ተነሱ፤ ጨዋነት አይቅር። «ኖር» በሉ። ብላችሁም ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። «በእግዜር» ካለ ሰው ነው። ዝም ካለ ግን…

እንዴ፣ ምነው ሁላችሁም ብድግ አላችሁ? ማነው የገባው? ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ? በዚህ ጨለማ ደረጃውን እንዴት ወጡት? ይግቡ፣ ይቀመጡ። ልጆቹ ኖር ብለውዎታል እኮ።

ጋሼ?

ኖር ብለንዎታል።