ሐሙሲት ያለው ኮፒ

«እህቴ፣ ከካሜራው ፊት ዞር በይ እንጂ!»

ሞገስ ለማስተዋል የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይህች ናት። የፍቅር ቃል ትመስላለች? አትመስልም! ደብረ ታቦር ውስጥ፣ አንድ ሰርግ ቤት ነው። እሷ ጎንበስ ብላ የሙሽራዋን ሹሩባ ታስተካክላለች፣ እሱ ካሜራውን ትከሻው ላይ ጭኖ በላብ ተጠምቋል። ማስተዋል ደግሞ የሚያመናጭቃትን ሰው ዝም ብላ አታልፍም። ማበጠሪያዋን እንደያዘች ዞረችና፣

«ሙሽራዋን ያሳመርኳት እኔ ነኝ! የምትቀርጸው የኔን ሥራ ነው። ጠብቅ!» አለችው።

ጠበቃት። ያን ቀን ብቻ አይደለም... ከዚያ ወዲህ በየሰርጉ ሲገናኙ ጠበቃት። ሙሽራ እየቀረጸ ካሜራው ወደ ፀጉር ሠሪዋ ይዞርበት ጀመር። እሷም ብትሆን የካሜራውን መብራት ገና ከሩቅ ስታይ ልቧ ድው ድው ይላል። ከተማው አወቀ፣ ሽማግሌ ተላከ፣ አባቷ አቶ ብርሃኑ ፈቀዱ፣ የሰርጉ ቀን ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ።

ሁሉ ነገር ማር ነበር። አንድ ነገር ብቻ... ሞገስ ሐሙስ ሐሙስ ይጠፋል።

ቪዲዮ ቤቱን ይዘጋና ላፕቶፑን አዝሎ በጠዋት መናኸሪያ ይወርዳል።

«የት ነው የምትሄደው?»

«ወረታ፣ ዕቃ ላመጣ።»

«የምን ዕቃ?»

«ዕቃ ነዋ፣ ማስትዬ!»

ፀጉር ቤት አብራት የምትሠራው ደሳለች ይህን ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አንቺ ሞኝ! ዕቃ ላመጣ ብሎ የሄደ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም?»

ምነው ባልተናገረች! ቅናት እኮ አንዴ እግሩን ካስገባ የቤቱ ጌታ እሱ ነው። ማስተዋል ከዚያች ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላት። ሞገስ ስልኩን አይቶ ፈገግ ሲል እሷ ትጠቁራለች፤ ስልኩን ሳያይ ፈገግ ሲል ደግሞ ይብስባታል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መናኸሪያ ጠበቀችው። የወረታውን መኪና ትቶ የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ላይ ወጣ። መኪናው እንደሄደ ተራ አስከባሪውን ጠጋ ብላ፣ «ያ ላፕቶፕ ያዘለው ልጅ የት ነው የሚወርደው?» አለችው።

«ሞገስ? ሁልጊዜ ሐሙሲት ነው!» አላት፤ የተሳፋሪውን መውረጃ ማወቅ ሥራው ሆኖ።

በሚቀጥለው መኪና ሐሙሲት ደረሰች። ገበያው ሞልቷል፤ አህያው፣ ጆንያው፣ ጫጫታው አያሳልፍም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ግን የሞገስን ጀርባ ለመለየት ጊዜ አልፈጀባትም። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ገባ። ባለሱቋ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥታ ጉንጭ ለጉንጭ ሳመችው። ሴትዮዋ ደግሞ ቀይ ዳማ፣ ዓይነ ጎላ... እንዴት ያለች ቆንጆ መሰለቻችሁ! ሞገስ እንደ ቤቱ መጋረጃውን ገልጦ ወደ ጓዳ ገባ።

ማስተዋል ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀመጠች። ሻይዋ ቀዘቀዘ። ሌላ አዘዘች፤ እሱም ቀዘቀዘ። ገበያተኛው ሸጦ ገዝቶ መበተን ጀመረ፤ ሞገስ ግን ከመጋረጃው ጀርባ አልወጣም። ሴትዮዋ ምግብ በሳህን ይዛ ገባች፣ ቆየች፣ እየሳቀች ወጣች።

እርር ድብን አለች ማስተዋል! መጋረጃውን ገብታ ብትገነጥለው በወደደች። ግን በሰው አገር፣ በገበያ መሀል፣ ስለ ወንድ? እንባዋን ዋጥ አድርጋ ተመለሰች።

ማምሻውን ደወለላት።

«የት ዋልክ?»

«ወረታ።»

«ወረታ እንዴት ነው?»

«ያው ነው፣ ሙቀት...»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው።

በማግስቱ ሐሙሲት ተመልሳ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ልትሰድብ ነው የሄደችው። ስድቡን በመንገድ ላይ ስትደረድረው ነው የመጣችው። ሴትዮዋ ግን ገና ስታያት ፊቷ በራ።

«ውይ! አንቺ ማስተዋል አይደለሽም? ፎቶሽን አሳይቶኛል እኮ! እኔ ብርቱካን ነኝ። ሞገስ ልኮሽ ነው? ዲስኩን ልትወስጂ?»

ማስተዋል ዲስክ የሚባል ነገር እዚህ መኖሩን አታውቅም። ቢሆንም፣ «አዎ፣ ዲስኩን» አለች።

ብርቱካን ከጓዳ በጥልፍ ጨርቅ የተጠቀለለ ጥቁር ዕቃ አወጣች። ያ ጥልፍ! የእጅ ሥራ ነው፤ ዳር ዳሩ በቀይ ክር የተለፋበት። ለአንድ ብረት እንዲህ ያለ ጥልፍ ማን ይጠልፋል?

«ውስጡ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለች ማስተዋል ጥርሷን ነክሳ።

«እኔ? ምን አገባኝ እህቴ! አደራ ይቀመጣል እንጂ ይከፈታል እንዴ?»

ደብረ ታቦር እስክትደርስ ዲስኩ ጭኗ ላይ እንደ ፍም ፈጃት። የሁለቱ ፎቶ ነው ያለበት ስትል አሰበች። ምናልባትም ደብዳቤ። ምናልባትም... ሌላውን ማሰብ አልፈለገችም።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ዘፈን የሚያጫውቱበት አሮጌ ላፕቶፕ አለ። ሰካችው። ላፕቶፑ ትንሽ አሰበና በእንግሊዝኛ የሆነ ጥያቄ አወጣ።

«ምን ይላል?» አለች ደሳለች ከኋላ አንገቷን አስግጋ።

«እንጃ። ልክፈተው ወይ የሚል መሰለኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ዬስ በይዋ!»

ዬስ አለች። ላፕቶፑ እንደገና ጠየቃት፤ እንደገና ዬስ። ተከፈተ።

ባዶ!

አንድ ፎቶ የለ፣ አንድ ደብዳቤ የለ። ማስተዋል መጀመሪያ ደስ አላት፣ ወዲያው ግን ደሟ ፈላ። ባዶ ዲስክ ለማስቀመጥ ነው እንዴ ሰው ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ድረስ የሚሄደው? ባዶ ዲስክ ይዞ ነው ከመጋረጃ ጀርባ የሚውለው? ሰበብ ነዋ! ዲስኩ ሰበብ ነው፤ ጉዳዩ ሴትዮዋ ናት!

እንደ ንፋስ በረረች።

ቪዲዮ ቤቱ የተቃጠለ ሽቦ ይሸታል። ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጥቶ ኖሮ፣ ሞገስ ሰክቶት የነበረውን ላፕቶፕ ከነዲስኩ አቃጥሎታል። እትዬ ጥሩወርቅ ጥቁር ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው አለሙ ባገባ በዓመቱ በመኪና አደጋ ሞቶባቸዋል። ሙት ዓመቱ ሲደርስ የሰርጉን ቪዲዮ ሊያዩ ነው የመጡት፤ የልጃቸው ድምፅ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

«አያልቅሱ እትዬ» ይላቸዋል ሞገስ። «ይሄ ቢቃጠልም ሌላ ኮፒ አለኝ። ከከተማ ውጭ ነው ያስቀመጥኩት፣ ለእንዲህ ላለ ቀን ብዬ።»

ማስተዋል ይህን ሰማች፤ ንዴቷ ግን እንድታስተውለው አልፈቀደላትም። ዲስኩን ከነጥልፉ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ይኸው ኮፒህ! ወረታ ነው ያልከኝ? ብርቱካንን አይቻታለሁ! መጋረጃውንም አይቻለሁ! ዲስክህ ደግሞ ባዶ ነው፣ ከፍቼ አይቼዋለሁ!»

ሞገስ አልተቆጣም። ፊቱ ግን አመድ መሰለ።

«የት ከፈትሽው?»

«በፀጉር ቤቱ ላፕቶፕ።»

«ላፕቶፑ ምን ጠየቀሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ... በእንግሊዝኛ ነው።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ዬስ» አለች፤ ድምፅዋ እየሰለለ።

ሞገስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እኔ የምሠራበት ኮምፒውተር ሌላ ዓይነት ነው ማስተዋል። የሱን ዲስክ ተራ ላፕቶፕ ማንበብ አይችልም። ‹አላነበብኩትም፣ አጥፍቼ አዲስ ላድርገው ወይ?› ነው ያለሽ።»

ክው አለች። እትዬ ጥሩወርቅ ነገሩ ባይገባቸውም የሁለቱን ፊት አይተው፣ «ልጄ ጠፋ ማለት ነው?» አሉ።

ሞገስ ክንዳቸውን ይዞ አስነሳቸው።

አሮጊቷ እየተደገፉ ከወጡ በኋላ እውነቱ ወጣ። ብርቱካን የሞገስ እጮኛ ነበረች፤ ሐሙሲት ይሠራ በነበረበት ዘመን። ሳይጣጣሙ ቀርተው፣ በሰላም ተለያዩ።

«ሁለቱንም ኮፒ እዚህ ባስቀምጥ አንድ ሌባ፣ አንድ እሳት ይወስዳቸዋል። ሌላ ከተማ የማምነው ሰው እሷ ብቻ ናት። ላፕቶፑ የሳምንቱን ሥራ ዲስኩ ላይ እስኪገለብጥ እዚያው ቁጭ ብዬ መጠበቅ አለብኝ፤ መጋረጃው ይሄው ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ቅናትሽን ፈርቼ።»

«ስለዚህ ዋሸኸኝ?»

«ዋሸሁሽ። አጥፍቻለሁ። አንቺ ግን የስንት ሰው ሰርግ...» አልጨረሰውም። «ሰርጋችን ለጊዜው ይቆይ፣ ማስተዋል።»

ይቆይ! ወይ አለመታደል! የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄው ነው። እጮኛዋን ሴት እንዳትወስድባት ስትሮጥ በገዛ እጇ ልታጣው ሆነ። ልትወጣ በሩን ከያዘች በኋላ ጠራት።

«ከዚያ በኋላ ዲስኩ ላይ ሌላ ነገር ጫንሽበት? ዘፈን እንኳ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ትንሽ ተስፋ አለ። የጠፋ ነገር ሌላ ካልተጻፈበት ሥሩ አይነቀልም።»

ከጓደኛው በተዋሰው ኮምፒውተር፣ የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ዲስኩን ማሰስ ጀመረ። ሲነጋ ፋይሎቹ ወጡ። ወጡ ግን ስማቸውን ጥለው! ሁሉም ቁጥር ብቻ ነው። የማን ሰርግ የት እንደሆነ አይታወቅም፤ የአንዱ ሰርግ መጀመሪያ እዚህ፣ መጨረሻው ማዶ ተበትኗል። ሞገስ የእብናት ልጅ ነው፤ የደብረ ታቦርን ቤተሰብ አንድ በአንድ የት ያውቃል? ራሱን ይዞ ተቀምጦ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

ማስተዋል ናት። ዓይኗ አብጧል። ሳትጠየቅ ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ከፈተች።

«ይቺን ግማሽ ጎን ሹሩባ የሠራሁላት እኔ ነኝ። የአቶ ጓንጉል ልጅ ናት። ጻፍ።»

ጻፈ።

«ይቺ ደግሞ እናቷ ቆመው ካልተሠራ ብለው ያስለቀሱኝ ናት። መክሊት። ጻፍ።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ? ለቀመች! ቀኑን ሙሉ፣ በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ። ከሙሽሮቹ ስም በቀር አንድ ቃል አይነጋገሩም። እጁ በስህተት እጇን ሲነካ ሁለቱም ይሸሻሉ። አንድ ከሰዓት ላይ ግን አንድ ረጅም ወጣት ስክሪኑ ላይ ወጥቶ፣ «እማዬ፣ ነይ ጨፍሪ እንጂ!» ብሎ ተጣራ። አለሙ ነበር።

ማስተዋል ራሷ ሮጣ እትዬ ጥሩወርቅን አመጣቻቸው። እናት ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳበሱት። «አቤት ልጄ፣ መጣሁ» አሉ፤ እንደ ጠራቸው ሁሉ። ማስተዋል እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ እሳቸውም ቀና አድርገው ግንባሯን ሳሟት።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ሞገስ ምሳ ሊያመጣ ወጥቷል። ጥቂት ፋይል ነው የቀረው። ማስተዋል አንዱን ከፈተች... እና እጇ ደረቀ።

ሞገስ ነው። ወጣት፣ ከሲታ፣ ሱፉ የሰፋበት ሞገስ። አጠገቡ ብርቱካን። ጣቷ ላይ ቀለበት ያጠልቅላታል፤ ቀና ብሎም ያያታል። እንዴት እንደሚያያት! ማስተዋል ያንን አስተያየት የራሷ ብቻ አድርጋ ነበር የምታውቀው።

ሐሙሲት ድረስ ስትፈልገው የነበረው ነገር ይኸው መጣ፤ ያውም ስም የለው፣ ቁጥር ብቻ። አንድ ቁልፍ ብትነካ አበቃ። ‹አልተገኘም› ብትል ማን ይጠይቃታል? ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። እንባዋ ወረደ፣ ብርቱካን ስክሪኑ ላይ ትስቃለች።

«ሳቂ!» አለቻት ጮክ ብላ። «ሳቂ፣ ያኔ ያንቺ ቀን ነበር!»

ጣቷንም ከቁልፉ አነሳችና ስሙን ጻፈች፦ የሞገስና የብርቱካን ቀለበት።

ሞገስ ምሳውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። ስሙን አነበበው።

«አላጠፋሽውም?»

«አላጠፋሁትም።»

«እኔ እንኳ መኖሩን ረስቼው ነበር...»

«እኔ ግን እስክሞት አልረሳውም!» ብላ ጮኸችበት። «ተቃጥያለሁ ሞገስ! አሁንም እየተቃጠልኩ ነው! ላጠፋው ነበር፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ!»

ሞገስ ምሳውን አስቀምጦ አጠገቧ በርከክ አለ። ያ አስተያየት ፊቱ ላይ ነበር፤ እዚያ ስክሪኑ ላይ እንዳለው ሳይሆን በሰለ፣ በደከመ ዓይን።

«ዛሬውኑ አባትሽ ዘንድ እሄዳለሁ» አላት። «ቀኑ እንዳይዘዋወር። ከእንግዲህ ሐሙስም ይሁን ማክሰኞ፣ የት እንደምውል ሳልነግርሽ አልወጣም። ይቅር ትይኛለሽ?»

«አንተስ?»

«እኔማ ለአሮጊቷ ስትሮጪ ነው ይቅር ያልኩሽ።»

አቀፋት። ትከሻው ላይ እስኪበቃት አለቀሰች። ከዚያ ድንገት ቀና አለችና እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ጣቷን አፍንጫው ሥር ቀሰረች።

«ግን ስማኝ! ሌላው ሁሉ ሁለት ሁለት ኮፒ ይኑረው። ያ ቀለበት ግን አንድ ይበቃዋል!»

ሞገስ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሳቁ እሷንም ያዛትና ምሳው ሳይነካ ቀዘቀዘ።