ማሚት ስታስተረጉም

«ምን አሉ?» አቶ አያልነህ ልጃቸውን በክርናቸው ነካ አደረጓት።

ማሚት ግን የት ነበረችና! በመማሪያ ክፍሉ መስኮት በኩል የእስራኤሏ ከተማ የቤር ሼቫ አቧራ ፀሐይዋን ሸፍኗት ሰማይ ምድሩ የማር መልክ ይዟል። ከዚያ ብርሃን ውስጥ ወደ ጎረቤቷ ከተማ ወደ ለሃቪም የሚሄደው ባቡር ድምፁ ይሰማል፤ እሷም በሐሳቧ ተሳፍራበታለች። የሚጠይቃት የለ፣ የምትመልሰው የለ፣ ዝም ብሎ መሄድ ነው። ከጎንደር ከመጣች ዓመት ሊሆናት ነው፤ ዕብራይስጡ ሲፈጥንባት ሁልጊዜ እንዲህ ጥላው ትሄዳለች።

«አንቺ ልጅ! መምህርቷ ምን አሉ?»

የክፍሏ ኃላፊ ዳፍና ያለችው ግልጽ ነበር። «ማሚት ብልህ ልጅ ናት፤ ግን ዓይኗን ገልጣ ነው የምትተኛው። እስከ ፋሲካ በዚሁ ከቀጠለች ዘጠነኛ ክፍልን ትደግማለች። በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ላስጠናት እፈልጋለሁ፤ አባቷ ይስማማሉ?»

መድገም! አባቷ ለዚህ ቀን ከሚሠሩበት ፋብሪካ ፈቃድ ለምነው፣ ለበዓል የሚለብሱትን ነጠላ ለብሰው ነው የመጡት። ሊታል ደግሞ፣ እዚሁ ከኢትዮጵያውያን የተወለደችው ጓደኛዋ፣ ኮሪደሩ ላይ መክራታለች፦ «ያላ፣ በይ እንጂ፣ ጅል አትሁኚ! ሁሉም ሳባባ ነው፣ ሰላም ነው በያቸው። እኔ ለእማዬ ስንት ዓመት እንደዛ አይደል የማስተረጉመው? ማን ያውቃል?»

«ጎበዝ ናት አሉ» አለች ማሚት ጫማዋን እያየች። «በርቺ ነው የሚሉኝ።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!»

አቶ አያልነህ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው ሁለት እጃቸውን ወደ መምህርቷ ዘረጉ። ማሚት ክው አለች። ምርቃት እንደሚመጣ እንዴት ጠፋት?

«ዕድሜና ጤና ይስጥዎት! የነኩት ይለምልም፣ የወለዱት ይባረክ! ልጄን ሰው እንዳደረጉልኝ እንደ ሳራ ዘርዎ ይብዛ!»

ከዚያ ጠበቁ። ሽማግሌ ሲመርቅ የቆመ ሁሉ «አሜን» ይላል፤ ካልተባለ ምርቃቱ አየር ላይ ይቀራል። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ «አሜን» የሚል ከማሚት በቀር ማንም የለም።

ዳፍና ግራ ገባት። ልጅዎ ልትደግም ትችላለች ተብለው እንዲህ የሚደሰቱ አባት አይታ አታውቅም። «ማሚት፣ አባትሽ ምን እያሉ ነው?»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የማሚት ውሸት ግን ገና ደቂቃ ሳይሞላው ምላሷ ላይ ድንጋይ ሆነ። በውሸት ላይ አሜን ይባላል እንዴ? የተዘረጉትን እጆች አየቻቸው፤ የፋብሪካው ሳሙና አድርቋቸው ጣቶቹ ሁሉ ተሰነጣጥቀዋል። አባቷን በጣም ወደደቻቸው፤ በጣምም አፈረች።

«አሜን በይ እንጂ» አሉ አባቷ በሹክሹክታ።

«አባዬ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ» አለች። «አጥፍቻለሁ። ከመጀመሪያው ላስተርጉምልዎ። ክፍሉን ልትደግም ትችላለች ነው ያሉት።»

አቶ አያልነህ እጃቸው እንደተዘረጋ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው አወረዱትና ወንበራቸውን ወደ ልጃቸው ጠጋ አድርገው ተቀመጡ።

«ቀጥዪ» አሉ። «ምርቃቱ የትም አይሄድም።»