የጥሎሹ አልማዝ

የኋላሸት ሠርጉ ሊደርስ ሲል በገዛ ሳሎኑ ተገድሎ ተገኘ። የተመታበት መዶሻ አጠገቡ ወድቋል፤ ለጥሎሽ የገዛው የአልማዝ ቀለበት ደግሞ ፈርጡ የለም። ኢንስፔክተር ሥራነሽ ፈርጡን ከሶፋው ሥር ለሁለት ተከፍሎ አገኘችው። ያሳየችው ለአለቃዋ ለኮማንደር እንዳላማው ብቻ ነው።

«መስታወት ነው!» አለ እንዳላማው። «አልማዝ ይሰበራል እንዴ? ሻጩ አጭበርብሮት፣ ሲነቃበት ገደለው።»

በዚህ ብቻ ቀለበቱን የሸጠው ነጋዴ አብዱልአሊም ታሰረ። ሥራነሽ በንዴት ጦፈች፤ የሚሰማት ግን አልነበረም።

«አልማዝ በመዶሻ ቢመታስ?» ስትል እስረኛውን ጠየቀችው።

«ምን ነካሽ እህቴ! ይሰነጠቃላ! የትኛው እብድ ነው የሚመታው?»

ከዚያ ወደ ሙሽራዋ ወንድም ወደ ደመላሽ ሄደች። ጥሎሹን የሚቀበለው እሱ ነበር።

«ውርደት ነው!» አለ ደመላሽ። «አንዴ ሲነካ ለሁለት የሚከፈል ጠጠር በሽማግሌ ፊት ይዘረጋል?»

ሥራነሽ ቃሉን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

በማግስቱ ሁሉንም ሙሽራዋ ቤት ሰበሰበቻቸው፤ አብዱልአሊም በካቴና መጣ። ከስባሪው አንዱን አንሥታ የመስኮቱን መስታወት ጫረችው፤ በረጅሙ ተሰነተረ። መዶሻውንም አሳየች፤ ብረቱ ላይ ትንሽ ጉድጓድ አለ።

«መስታወት ብረት አይወጋም። ሕሊና፣ ታዲያ እንዴት ተሰበረ?»

ሙሽራዋ ሕሊና የፊዚክስ መምህርት ናት። ጥቁር ለብሳ፣ ድምፅዋ ሰልሎ መለሰች። «ከየአቅጣጫው እኩል ቢጫኑት የተራራ ክብደት ይችላል። ግን አተሞቹ የተደረደሩበት መስመር አለ። ድንገተኛ ምት በዚያ ካረፈ እንደ ግንድ ይፈለጣል። ስባሪው ልሙጥ የሆነው ለዚህ ነው።»

«አብዱልአሊም ይህን ያውቃል፤ ሕሊናም ታስተምረዋለች» አለች ሥራነሽ። «አልማዝን በመዶሻ የሚፈትነው አይሰበርም ብሎ የሚያምን ሰው ብቻ ነው።»

«እንደኔ ያለ ማለትሽ ነው?» አለ እንዳላማው።

«እንደርስዎ ያለ። ግን ለሁለት መከፈሉን ያየነው እኔና እርስዎ ብቻ ነን። ጋሽ ደመላሽ፣ እርስዎ ከየት ሰሙ?»

ደመላሽ ብድግ አለ። «ልፈትነው አንዴ ብመታው ተሰበረ! እህቴን በጠርሙስ ስባሪ ሊያገባት! ደሜ ፈላ፣ መዶሻው እጄ ላይ ነበር!»

«እውነተኛ ነበር፣ ጋሼ» አለች ሕሊና።

ደመላሽ ስባሪውን አየ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። እንዳላማው ቀና ሳይል የአብዱልአሊምን ካቴና ፈታ።

«በሬ ሸጠህ ፊዚክስ ያስተማርኸኝ አንተ ነህ» አለችው ሕሊና ወንድሟን እያለቀሰች። «አንዴ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»