እመት ራሪስ ያልሞቱባቸው ሦስት ቀናት

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም.፣ አሥረኛዋ ጨረቃ ልትሞላ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ የባቱር እሳተ ገሞራ እንደ ልማዱ ጢሱን ያትጎለጉል ነበር፤ ጢሱም ከሐይቁ ከሚነሣው ጉም ጋር ተደባልቆ በገደሉ አፋፍ ላይ የተኮለኮለችውን የፑንዱክን መንደር ከዓይን ሰውሯት ነበር። ከመንደሩ በታች፣ ጣሪያቸው በጥቁር ቃጫ የተከደነ መቅደሶች አሉ፤ በመቅደሶቹ ግቢ ውስጥም ጥቁር ድንጋይ ሰንጥቆ የሚወጣ ምንጭ ሦስት ገንዳ ይሞላል፤ የላይኛው የአማልክት፣ የመካከለኛው የሰው፣ የታችኛው የከብት ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ ያን ጊዜ በሆላንዶች ትገዛ በነበረችው በባሊ ደሴት ደጋ አልነበረም፤ እያወቀ ግን የማያከብር ሹም ነበረ፤ ስሙም ጉስቲ ክንደል ይባላል።

የምንጩ ካህን ነንጋህ ከሩግ በዚያ ማለዳ ከእናቱ ራስጌ ተቀምጦ ነበር። እመት ራሪስ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጣጥሩ አድረው፣ ጎህ ሲቀድ ሁለት ጊዜ ቃተቱና ዐረፉ። ከሩግ ዓይናቸውን ከደነ፤ ከዚያም እንደ ወጉ የመንደሩን የግንድ ከበሮ ሊመታ ተነሣ።

በፑንዱክ ከበሮ ያልተመታለት ሰው እንደ ሞተ አይቆጠርም። ከበሮው ከተመታ ደግሞ መንደሩ ሁሉ በሞት ረክሷልና የመቅደሱ በር ይዘጋል፤ ከምንጩ አንዲት ጠብታ አይቀዳም፤ ሟቹ የካህኑ ቤተ ሰብ ከሆነማ ካህኑ ራሱ አርባ ሁለት ቀን ሙሉ ከመቅደሱ ደጃፍ አይደርስም። ዳሩ ግን በዚያ ሳምንት የወረዳው ገዢ ጉስቲ ክንደል ያለ ፈቃዱ ማንም ከበሮ እንዳይነካ አውጆ ነበርና፣ ከሩግ አስቀድሞ ወደ ገዢው ግቢ ወረደ።

ጉስቲ ክንደል የተጠበሰ ዐሣማ ቀርቦለት ይበላ ነበር፤ ስቡ ከአገጩ ወርዶ ደረቱ ላይ ያብለጨልጫል። ከሩግ ከደረጃው ግርጌ መሬት ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ።

«ጌታዬ፣ እናቴ ዐርፈዋል። ከበሮ እንድመታ ይፈቀድልኝ።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔና ባለቤቴ ብቻ።»

«እንግዲያማ አልሞቱም» አለ ገዢው ዐጥንቱን እየመጠጠ።

ከሩግ የሰማውን ማመን አቃተው። «እንዴት ጌታዬ?»

«ተኝተዋል። የአማልክት በዓል ላይ ሰው ሲሞት ‘ተኝቷል’ እየተባለ በዓሉ እስኪያልፍ ይቆይ የለም እንዴ? ወጉን ደግሞ እኔ ላስተምርህ?»

«እሱ ለአማልክት በዓል ነው፣ ጌታዬ።»

«ይኼም በዓል ነው! የሆላንዱ ሹም ከነእንግዶቹ ነገ ይመጣል፤ ምንጩን ያያል፣ ይታጠባል፣ ጭፈራ ያያል። መቅደስ ዘግቼ፣ ሬሳ አጋድሜ ልቀበለው? በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?» ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ይልቅስ ስማ። ዝም ካልክ እናትህን እኔ ራሴ በወግ አስቃጥላቸዋለሁ። ሬሳ ወደ እሳቱ የሚወሰድበት ባለ አምስት ጣሪያ ግንብ፣ ሙዚቃ፣ ነጭ ጨርቅ፣ አንዱም አይጎድልባቸውም። እንቢ ካልክ ግን ክህነቱን ለአጎትህ ልጅ እሰጠዋለሁ፤ አንተን መንገድ ላይ ድንጋይ ስትፈልጥ አገኝሃለሁ።»

እመት ራሪስ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተመኙት ይህንኑ ነበር፤ እንደ ድኻ ጎረቤቶቻቸው በጉድጓድ ተቀብረው የጅምላ ቃጠሎ ተራ እየጠበቁ እንዳይረሱ፣ ነፍሳቸው በእሳትና በውሃ ነጽታ እንድትሄድ። ከሩግ ይህን አሰበ። «እሺ ጌታዬ» አለ፤ ቃሉም አፉ ውስጥ እንደ ሐሞት መረረው።

ሚስቱ ሱክሪ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

«ምነው ከበሮው ዘገየ? ምን አሉ?»

«ተኝተዋል አሉ።»

«ማን?»

«እማዬ።»

ሱክሪ ትክ ብላ አየችው። «እንግዲያው ሲነቁ የሚቀምሱት ሩዝ ልጣድላቸዋ!»

«ሱክሪ፣ ገዢው ያቃጥሉልናል። ግንብ ያሠሩላቸዋል።»

«እኔን ያቃጥለኝ! ሆዳም ሁላ! እሳቸው ለፈረንጅ ሊያጎበድዱ እማማ ይሽተቱ? አንተስ ካህን አይደለህም? በዚህ እጅህ ምንጩን ልትነካ?»

ሬሳውን በግቢያቸው ምሥራቅ ባለው ዳስ አጋድመው በምንጣፍ ጋረዱት፤ ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብላ «እማማ ራሪስ እንዴት አደሩ?» ስትል፣ ሱክሪ ጥርሷን ነክሳ «ደኅና ናቸው፣ እንቅልፍ ጣላቸው» ትላለች፤ ነገሩ እውነት እንዲመስልም በጠዋትና በማታ የሩዝ ሳሕን ይዛ ትገባለች፤ ሩዙንም መልሳ ለዶሮ ትደፋዋለች። ይህን መጻፍ ራሱ ያቅለሸልሻል፤ እነሱ ግን ኖሩበት።

በማግስቱ ዶፍ ወርዶ የተራራው መንገድ ተናደና እንግዶቹ ቀሩ። ገዢው «ነገ ይመጣሉ፤ ዛሬም ተኝተዋል» ብሎ ላከ። ሥጋ ግን የሹም ትእዛዝ አይሰማም። ከሩግ የቅርንፉድ ዱቄት ነሰነሰ፣ ኖራ ረጨ፣ ቀጤማ የመሰለውን መዓዛማ ቅጠል ከትፎ በምንጣፉ ዙሪያ ጎዘጎዘ፤ ሽታው ይበልጥ ባሰ እንጂ አልተሻለም፤ ቅርንፉዱና ሞቱ ተቀላቅለው ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ አንዳች ጣፋጭ ነገር ሆኑ። ሱክሪ ሁለት ጊዜ ወጥታ አስመለሰች።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ከምሥራቁ ሸለቆ፣ ከተጋል፣ ስድስት ገበሬዎች የቀርከሃ መቅጃ ተሸክመው መጡ። አይጥ ማሳቸውን እየጨረሰው ነበርና የተቀደሰ ውሃ ፈልገው ነው፤ ዳክዬና ሩዝ ለአማልክት አቀረቡ። ከሩግ ሕጉን ከማንም በላይ ያውቃል። ‘መቅደሱ ተዘግቷል’ ቢላቸው ወደ ሌላ ምንጭ ይሄዱ ነበር። እሱ ግን ነጭ ልብሱን ለበሰ፤ ቅርንፉድ ቅርንፉድ በሚሸት እጁ ከላይኛው ገንዳ ቀዳ፤ ጸሎቱን ደገመ፤ መቅጃቸውን ሞላ። ሽማግሌያቸው ጎንበስ ብሎ «እጅዎ ይባረክ ጀሮ» አለው፤ ጀሮ የካህን ማክበሪያ ነው። ከሩግ በዚያች ሰዓት ራሱን ቢተፋው በወደደ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ መንገዱ ተጠርጎ እንግዶቹ ደረሱ። የሆላንዱ ሹም፣ ሁለት ጓደኞቹ፣ ጥላ የያዙ ሦስት ወይዛዝርትና አንድ ቡናማ ውሻ ነበሩ። ጉስቲ ክንደል በሐር ተጠቅልሎ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ እየሳቀ ተቀበላቸው፤ ወደ መካከለኛው ገንዳ ሊመራቸው ሲል አንዱ ወፍራም እንግዳ ወደ ላይኛው አመለከተ፤ «የዚያኛው ውሃ የበለጠ የጠራ ነው» ማለቱ ነበር። ከሩግ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ፤ ገዢው በዓይኑ ገላመጠው፤ ከዚያም ለእንግዳው በሁለት እጁ መንገዱን አሳየው።

ሰውዬው ልብሱን አወለቀና ዘው ብሎ ገባ። ጀርባው ጠጉራም ነበር። ሳሙና አስመጥቶ ብብቱን ፈተገ፤ አፉን ሞልቶ ተጉመጠመጠና እንትፍ አለ፤ ውሻውም ተከትሎት ዘሎ ገባ። ሴቶቹ ከት ብለው ሳቁ። አረፋው የአማልክት መቀመጫ በሆነው ጥቁር ድንጋይ ዙሪያ ተሽከርክሮ ቆመ። የመንደሩ ሰው በቅጥሩ ላይ ቆሞ ያያል። ከሩግ በእንግዳው እንኳ ያን ያህል አልተናደደም፤ ሰውዬው የማያውቅ ነውና። የተናደደው እያወቁ በሚያዩት ነው፤ ከሚያውቁት ሁሉ ደግሞ በፊት የሚቆመው እሱ ራሱ ነበር።

ጭፈራው ተጀምሮ እንግዶቹ በወንበር ተቀምጠው ሳለ፣ በታችኛው በር ከደቡብ ቆላ የመጡ አርባ ያህል ገበሬዎች ገቡ። መሪያቸው ፓን ሉንጋ የመስኖ አለቃና የከሩግ የድሮ ወዳጅ ነው፤ አንድ ቀን ተኩል በእግራቸው ተጉዘዋል።

«ጀሮ! አልሞትክም አንተ? ፊትህ ግን የጠፋብህን በሬ ፍለጋ የዋልክ ይመስላል!» አለ ፓን ሉንጋ እየሳቀ። «ቶሎ ቅዳልን እስቲ። አይጡ ሩዙን ጨርሶ እኛን ሊጀምር ነው። እናትህስ እንዴት ናቸው? የእኔዋ አሮጊት ትንባሆ ልካላቸዋለች።» ከመታጠቂያው ትንሽ ጥቅል አውጥቶ ዘረጋለት።

ከሩግ ጥቅሉን አልተቀበለም።

«ፓን ሉንጋ፣ ከእኔ ውሃ አትውሰድ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«እናቴ ከሞቱ ሦስት ቀናቸው። ቤቴ ውስጥ እየሸተቱ ነው። ከበሮ አልመታሁም። ገንዳውንም ተመልከት፤ ያ የምታየው አረፋ ሳሙና ነው።»

ፓን ሉንጋ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ገንዳውን አየ፤ የከሩግን እጅ አየ፤ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሸሸ።

«ሦስት ቀን?» አለ። «በዚህ ሦስት ቀን ለሌላ ሰው ቀድተሃል?»

«ለተጋል ሰዎች። ትናንት።»

«ዓይንህን አያሳየኝ! ስድብ እንኳ አጣሁልህ! አንድ ሰው ልከህ ‘አትምጡ’ ብትለን ምን ነበረበት? አንተን አምነን አይደለም እንዴ ሕፃን አዋቂው ማሳው ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀን?»

«ልክ ነህ» አለ ከሩግ። ዘወር ብሎ ደረጃውን ወጣ፤ በጭፈራው መካከል፣ በወይዛዝርቱ ፊት አልፎ ሄደ፤ ከበሮው ወደተሰቀለበት ማማ ወጥቶ መዶሻውን ጨበጠ።

ከበሮው እንደ ሞት ሥርዓት ተመታ፤ ዝግ እያለ፣ እያንዳንዱ ምት ከቀጣዩ ርቆ። መንደሩ ወዲያው ገባው። ጨፋሪዎቹ ሴቶች ከጠጉራቸው አበባውን አውልቀው ጣሉ፤ መቺዎቹ መሣሪያቸውን አስቀመጡ፤ ሰው ሁሉ በሞት ረክሶ በመቅደስ መቆም አይችልምና በአንድነት ወደ በሩ ጎረፈ፤ ሱክሪ ከቤቷ ሆና የሦስት ቀን ለቅሶዋን ለቀቀችው። ጉስቲ ክንደል ፊቱ አመድ መሰለ። የሆላንዱ ሹም ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀው፤ ገዢውም ወዲያው ፈገግ አለ፤ «ለክብርዎ ነው፤ ሕዝቡ ሲደሰት እንዲህ ነው የሚሸኘው» አለው።

እንግዶቹም አጨበጨቡ። ወፍራሙ ሰውዬ ቆሞ አጨበጨበ። ከሩግ ከማማው ላይ አያቸው፤ መዶሻውን አንሥቶ ደግሞ መታ።

በማግስቱ ክህነቱ ተገፈፈ። እመት ራሪስ ያለ ግንብ፣ ያለ ሙዚቃ፣ በምንጣፍ ተጠቅልለው ተቀበሩ፤ ከጎረቤት የመጡት ጥቂቶች ነበሩ፤ እነሱም አፍንጫቸውን ይዘው። ከሩግ ለመንገድ ሥራ ከመወሰዱ በፊት አንድ ቀን ተፈቅዶለት ወደ ተጋል ወረደ፤ ውሃው የረከሰ መሆኑን ለሽማግሌው ሳይደብቅ ነገረው።

ሽማግሌው ግራ ቀኝ አየና ክንዱን ያዘው። «ረጭተነዋል ጀሮ። በረጨን በማግስቱ አይጡ ጠፋ። ይኼን ወሬህን ለማንም እንዳታወራ፤ ሕዝቡን እንዳታሸብርብን።»

«ውሃው እኮ...»

«ዝም በል አልኩህ! ዳክዬ አዘጋጅተንልሃል፤ ይዘህ ሂድ።»

የዚያ ዓመት ሩዝ በተጋል ሸለቆ ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ አፈራ፤ በፓን ሉንጋ ቆላ ግን አይጥ ገለባውን ሳይቀር በላው፤ ሰዉ በሥራሥር ክረምቱን ገፋ። እንዲህም ሆኖ ታሪክ ፍርዱን ሰጠ። በተጋል ሽማግሎች ዘንድ ከሩግ እጁ የተባረከ ካህን ነው፤ ዳክዬ በየዓመቱ ይላክለት ነበር፤ እሱም በየዓመቱ ለውሻ ይሰጠው ነበር። በደቡቡ ቆላ ደግሞ ሰውን ባዶ እጁን የመለሰ፣ ልጆች ያስራበ ክፉ ካህን ነው፤ ውሃውን ሳይወስዱ እውነቱን የተናገረው ለእነሱ ብቻ ቢሆንም። የሆላንዱ ሹም ለበላዮቹ በላከው ወረቀት የፑንዱክ ሕዝብ ጨዋና እንግዳ ወዳድ መሆኑን፣ ሽኝቱም በከበሮ የደመቀ መሆኑን በሁለት መስመር ጻፈ፤ ጉስቲ ክንደልም ስለዚሁ ጉብኝት የብር ሜዳልያ ተቀበለ።

ከሩግ ድንጋይ ሲፈልጥ ኖሮ አርጅቶ ሞተ። የእናቱ ዐፅም ከብዙ ዓመት በኋላ ከጉድጓድ ወጥቶ ከሌሎች ድኾች ጋር በጅምላ ሲቃጠል፣ የመንደሩ ጸሐፊ የሞቱበትን ቀን በዘንባባ ቅጠል ላይ ቀርጾ አኖረው፤ የቀረጸውም ከበሮው የተመታበትን ቀን ነው። ጎህ ሲቀድ ሁለት ጊዜ የቃተቱባትን ያችን ማለዳ የሚያውቅ፣ ከከሩግና ከሱክሪ በኋላ፣ ማንም አልነበረም።