የከረመ ቃል

ሐጂ ዓብዱላሂ በጊደር መጋላ ገበያ ሠላሳ ዓመት ቅመም ሸጠዋል፤ የሞቱትም በዚያው በቅመም መውቀጫ ዘነዘና ተመትተው ነው። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጁገል ውስጥ ባለው ቤታቸው ደረጃ ሥር ወድቀው ተገኙ። ስልካቸው ላይ ባለቤቱ ካልታወቀ የፌስቡክ ገጽ የተላከ መልእክት ነበር፦ «ፋዘር፣ ዛሬ ቦንጢላ ነህ!»

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ «ቦንጢላ» የሚለውን ቃል የሚፈታ ጠፋ። ትርጉም የለውማ! ወጣቶች ሲስቁም ሲናደዱም በቴሌግራም የተወራወሩት ነው። የፈጠረችው ደግሞ የሟች ልጅ ሂክማ ናት። ጣት ሁሉ ወደ እሷ ተቀሰረ፤ ነገ ትታሰራለች ተባለ።

ከቀብር መልስ ኢንስፔክተር ገላነሽ መጣች። ሐጂ ሲሞቱ እቤት የነበሩትን ሦስቱን መደቡ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ሂክማን፣ እንጀራ እናቷን ሳዳን፣ አጎቷን ነስሮን። ነስሮ ቤቱ ተሸጦ እንካፈል ቢሉ ወንድማቸው እንቢ ካሉ ሰንብተዋል።

«ሳዳ፣ ቦንጢላ ምንድን ነው?»

«ወላሂ አላውቅ! የኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ከመደወል ሌላ አያውቅም።»

«አቶ ነስሮ፣ እርስዎስ?»

«አስተግፊሩላህ! የልጆች ልፍለፋ ከየት አውቄ? ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

ሂክማ ክው አለች። በረመዳን «አስተምሪኝ፣ ከናንተ ጋር ልጅ ልሁን» ሲሏት ቃሉን ያስጠናቻቸው፣ የፌስቡክ ገጽ አከፋፈትም ያሳየቻቸው እኚሁ አጎቷ ናቸው። ይህን ተናግራ፣ አባቷን በቀበረችበት ቀን አጎቷንም ልትቀብር?

ገላነሽ ፊቷን አይታ ቀጠለች። «ሰው ሁሉ ቃሉ የወጣት ነው ብሎ ገዳዩን ወጣት አደረገው። የወጣቶቹን የቴሌግራም ቡድን ግን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከረመዳን ወዲህ ቦንጢላ ያለ አንድም ልጅ የለም። ለምን ተዋችሁት፣ ሂክማ?»

«አስተማሪዎቻችን ይሉት ጀመር። ወላጆችም ቀለዱበት። ከዚያ በኋላ ማን ይለዋል? ያሳፍራል።»

«እንግዲህ ይህን የጻፈው ወጣት መምሰል የፈለገ ትልቅ ሰው ነው። የከረመውን ቃል ትኩስ መስሎት ገዛ። ሳዳ በዚያ ስልክ ፌስቡክ አይጽፉም። የቀረው ቤቱ እንዲሸጥ የፈለገው ሰው ነው።»

ነስሮ ሳቁ። «በልጆች ወሬ ሰው ይታሰራል እንዴ?»

ገላነሽ የሟቹን ስልክ ለሂክማ ዘረጋችላት። «ለዚያ ገጽ መልሺለት።»

ልጅቷ «አጎቴ» ብላ ላከች።

ከነስሮ ኮት ኪስ ውስጥ አውራ ዶሮ ጮኸ።

የስልካቸውን ድምፅ የመረጠችላቸው ሂክማ ነበረች፤ መልእክት በመጣ ቁጥር እንዲስቁ ብላ።

«እኔ ያስተማርኩዎት እኮ ስለምወድዎት ነበር» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

ነስሮ ኪሳቸውን በመዳፋቸው አፈኑ። ሂክማ ያንኑ ቃል ደግማ ላከች፤ ዶሮውም ደግሞ ጮኸ።