ጨርቅ ለብሶ የተጫወተው ኦርጋን

ኦርጋን ተጫዋቹ ውብሸት ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በገዛ ስቱዲዮው ወለል ላይ ማጅራቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። የማይክ ማቆሚያው ብረት አጠገቡ ወድቋል። በላዩ ጎንበስ ብላ የምትጮኸው ዘፋኟ ሩታ ነበረች፤ ልታነሳው ስትታገል እጇ ደም ነክቷል። ፖሊስ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ይዟት ሄደ።

ነገሩን የቆለፈው ግን ደሙ ሳይሆን የእትዬ ሸዋርካብሽ ምላስ ነው።

እትዬ ሸዋርካብሽ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ባለው አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ከስቱዲዮው ጎን፣ በአንዲት ክፍል አርባ ዓመት ኖረዋል። ፊደል አልቆጠሩም። ለምን ሲባሉ «የሰው ነውር ስቆጥር ጊዜ አጣሁ» ይላሉ። እውነትም የማን ባል እንደሚያነክስ፣ የማን ልጅ እንደሚንተባተብ ፎቁ ሁሉ የሰማው ከእሳቸው አፍ ነው።

ያን ዕለት ወጣቱ ፖሊስ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ እየሰማ ጠየቃቸው።

«ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ሲጫወት ነበር» አሉ።

«አይተውታል ወይስ ሰምተው ነው?»

እዚህ ላይ ነው የተሰናከሉት። «በዓይኔ በብረቱ! በመስኮቱ፣ ቁጭ ብሎ ሲጫወት!» አሉና አሻራቸውን አኖሩ። እንግዲህ ውብሸት እስከ ሰባት ተኩል በሕይወት ካለ፣ በሰባት ተኩል የገባችው ደግሞ ሩታ ከሆነች፣ ሌላ ማን ሊገድለው?

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰው መጥቶ ከክፍሉ ደጃፍ ዝም ብሎ ቆመ።

«ጠይብ፣ ምን ተገትረህ ታየኛለህ? ግባ ወይ ውጣ!» አሉት። ጠይብ ከፎቁ ሥር ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ ጎረቤታቸው ነው።

«ጠይብ አይደለሁም፣ እትዬ። መርማሪ ነኝ፤ ኢንስፔክተር ምንይሉ እባላለሁ።»

«ፀሐዩ ከጀርባህ ሆኖብኝ ነው» አሉ ፈጠን ብለው።

መርማሪው ዞር ብሎ ሰማዩን አየ። ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነበር።

«ምንይሉ ነው ያልከኝ?» አሉ። «እኔንም ዕድሜ ልኬን የገዛኝ እሱ ነው።»

«ውብሸት ሲጫወት ምን አደረጉ?»

«ሰደብኩት። በዱላዬ ግድግዳውን እየደበደብኩ ‹ጣትህ ይሰበር!› አልኩት። በጁምዓ ሰላት እኮ ነው! ሕዝቡ አስፋልት ላይ ሰግዶ፣ እሱ ኦርጋን!»

«ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ይጫወታል?»

«ውብሸት? ከዚያ በፊት አንድም ቀን! የጎጃም ክርስቲያን ቢሆንም ክብር ያውቃል። ዓርብ አዛን ሲል ኦርጋኑን ለአቧራው ጨርቅ አልብሶ ይወርዳል፤ ጠይብ ሰግዶ እስኪመለስ ሱቁን የሚጠብቅለት እሱ ነው።»

ምንይሉ ሊወጣ ሲል ከበሩ ላይ ቆም አለ። «እትዬ፣ ሩታ ነገ ፍርድ ቤት የምትቀርበው በእርስዎ ቃል ነው። የሚያስተካክሉት ነገር ካለ ዛሬ ነው ቀኑ። ዓይንዎ ደህና ነው?»

«ሚናራው ላይ ያረፈች እርግብ እቆጥርልሃለሁ!»

«እሺ» ብሎ ሄደ።

ደረጃውን ሲወርድ እርምጃውን አዳመጡ። ዓይናቸው ከደከመ ሦስት ዓመት አልፎታል። ዛሬ ሰው ማለት ለእሳቸው በአረማመዱና በድምፁ የሚለይ ጥላ ነው። ለማንም አልተናገሩም። የሰውን ሁሉ ጉድለት ሲያወጡ ኖረው የራሳቸውን በምን አፍ ያውጡት? አሻራ ያኖሩበት አውራ ጣታቸው ላይ ያለው ቀለም በሳሙና ታጥቦ እንቢ ብሏል። ቀሚሳቸው ውስጥ ሸሸጉት።

ምንይሉ ጠይብን ሱቁ አገኘው። «ዓርብ ጠበቅሁት፣ አልወረደም» አለ ጠይብ። «ስድስት ሰዓት ላይ ኢዩኤል ብቻውን ወረደ። ‹ቀረጻ ላይ ነው፣ አትረብሹኝ ብሏል› አለኝ። ዘግቼ ልሰግድ ሄድኩ። በልቤም ተቀየምኩት፣ አላህ ይማረኝ።»

ኢዩኤል ከቦሌ የሚመጣ የሙዚቃ አቀናባሪ ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት ዓርብ መጥቶ አያውቅም ነበር።

«እኔ ከስድስት እስከ ሰባት ተኩል ፊት ለፊት ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር» አለ ኢዩኤል፣ ምንይሉ ስቱዲዮው ውስጥ ሲጠይቀው። «ሻይ ቤቱ ሙሉ ሰው ኦርጋኑን አብሮኝ ሰምቷል።»

«ቀረጻው እንዴት ነው የሚሠራው? እኔ ደንቆሮ ነኝ።»

«ቀላል ነው። ሲንተሳይዘሩን፣ ማለቴ ይሄን ኦርጋን የሚሉትን፣ በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ታገናኛለህ። ትጫወታለህ፤ ድምፁ ይገባል።»

«በአንድ ገመድ?»

«አንድ ይበቃል።»

ምንይሉ ጎንበስ ብሎ ከኦርጋኑ ጀርባ ገመዶቹን ቆጠረ። ከመብራቱ ገመድ ሌላ ሁለት ነበሩ።

ሩታ በጣቢያው ያለችው ሁሉንም ያሳቀ ነገር ነበር። «ስገባ ኦርጋኑ ይጫወታል፤ ጨርቁ ግን እንደለበሰ ነው። ወዲያው ድምፁ ቆመ። ይህን ስነግራቸው አበደች አሉ።»

«ውብሸት ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?» አላት ምንይሉ።

«ከኢዩኤል ጋር። ኢዩኤል በስሙ ያወጣው ዜማ የውብሸት ነው። ቅዳሜ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ሊናገር ነበር።»

ሰኞ ከሰዓት ሁሉም ስቱዲዮው ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ጠይብ፣ ኢዩኤል፣ በሁለት ፖሊስ መሐል ሩታ። እትዬ ሸዋርካብሽን በሩ አጠገብ አስቀመጧቸው። ሩታ የት እንደቆመች በሳሏ አወቁ፤ ወደዚያ እንዳይዞሩ አንገታቸውን አጠነከሩ።

«በጨርቁ ልጀምር» አለ ምንይሉ። «ውብሸት ጨርቁን የሚያለብሰው መጫወት ሲያቆም ነው። ሩታ ስትገባ ግን ኦርጋኑ ጨርቅ ለብሶ ይጫወት ነበር። ውሸታም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ውሸት አያጣም፤ ስለዚህ እውነት ነው ብዬ ተነሳሁ። ሁለተኛ፣ ውብሸት በጁምዓ ሰላት ሰዓት ተጫውቶ አያውቅም። የጓደኛውን ሱቅ ጥሎም አያውቅም። ያን ዕለት ሁለቱንም አፈረሰ። ሰው እንዲህ ጠባዩን በአንድ ቀን የሚለውጠው መቼ ነው? ሲሞት!»

«ይሄ ተረት ነው!» አለ ኢዩኤል። «እትዬ ሸዋርካብሽ በዓይናቸው አይተውታል! በዓይኔ በብረቱ ብለው ፈርመዋል!»

ምንይሉ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዶ አንድ ቁልፍ ተጫነ።

ኦርጋኑ ዘፈነ። ጨርቁ በላዩ እንደተዘረጋ፣ ማንም ሳይነካው፣ ያን የዓርቡን ዜማ ያንቆረቁረው ጀመር። ጠይብ ወደ ኋላ ሸሸ። ፖሊሶቹ ተያዩ።

«ኧረ ማነው?» ብለው ጮኹ እትዬ ሸዋርካብሽ ዱላቸውን እየመቱ። «ማነው በሟች ወንበር የተቀመጠው? አታፍርም? ተነሥ ከዚያ!»

ዜማው ቀጠለ። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«እትዬ» አለ ጠይብ፣ ቀስ ብሎ። «ማንም የለም እኮ። ወንበሩ ባዶ ነው።»

ፊታቸው እንደ እሳት ጋለ። አርባ ዓመት ሙሉ በሌላው ላይ ሲዘንብ የኖረው ነገር ባንዴ በእሳቸው ላይ ወረደ።

«አላየሁም» አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለ። «ውብሸትን አላየሁም። ማንንም አላይም፤ ሦስት ዓመቴ ነው። ‹አይተውታል ወይ› ሲለኝ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። ዕውር አሮጊት ከምባል የሰው ልጅ እንድትታሰር መረጥሁ።» ወዲያው ጆሯቸውን ቀጥ አደረጉ። «ይኸው! ስሙት! ዜማው ወደ ታች ሲወርድ አንዲቱን ድምፅ ይስታታል! ዓርብ አሥር ጊዜ ተጫወተ፤ አሥር ጊዜ እዚያችው ላይ ሳተ። ሰው ቢሆን አንዱን ያርም ነበር፤ ቢስትም ሌላ ጋ ይስት ነበር። ጆሮዬ ሰምቶ ነበር፤ ልቤ ግን ስድብ ይዞ ስለነበር አልሰማም።»

«አሥር ጊዜ ነው» አለ ምንይሉ ሙዚቃውን እያቆመ። «ሦስተኛው ነገር እሱ ነው። በአንዱ ገመድ ድምፁ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። በሌላው ግን ትእዛዝ ይወጣል፤ አንድ ጊዜ የተጫወትከውን፣ የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተነካ፣ ኮምፒውተሩ መዝግቦ መልሶ ኦርጋኑን ያዘዋል። ያለ ጣት ይጫወታል። የውብሸት የሙከራ ጨዋታ ከነስሕተቱ አሥር ጊዜ ተገልብጧል። ከፊቱ ደግሞ እኔ አሁን የዘለልኩት ግማሽ ሰዓት ባዶ ዝምታ አለ። ዘፈኑን በግማሽ ሰዓት ዝምታ የሚጀምር ማነው? ወርዶ ሻይ ቤት ለመቀመጥ ጊዜ የሚፈልግ ነው። ሩታ ይህን ማሽን መክፈት እንኳ አታውቅም። ጠይብ መስጊድ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ከዚህ የወረደው አንድ ሰው ነው፤ ሁለተኛውን ገመድ የሸሸገኝም እሱ ነው።»

ኢዩኤል ግድግዳውን ተደገፈ። «ጁምዓ መሆኑን አላሰብኩም» አለ። ካቴናው ከሩታ እጅ ወጥቶ በእሱ እጅ ገባ።

እትዬ ሸዋርካብሽ አዲሱን ቃል ሲሰጡ እዚያው አውራ ጣታቸው ላይ ሌላ ቀለም ተጨመረበት። አሁን አልሸሸጉትም።

ማክሰኞ ሩታ ተፈትታ ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። እርምጃዋን ከደረጃው ጀምረው አወቁት። ከደጃፋቸው ሲደርስ ቆመ።

«እትዬ» አለች። «እኔን በዓይንዎ አይተውኝ ያውቃሉ?»

ሩታ ወደዚህ ፎቅ መመላለስ ከጀመረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው።

«የለም፣ ልጄ» አሉ። «መልክሽን አላውቀውም።»

ሩታ ይቅር አላለችም፣ አልሰደበችምም። ከዚያ ሄደች። እትዬ ሸዋርካብሽ ደረጃው እስኪያልቅ እርምጃዋን ቆጠሩ፤ ሃያ ሁለት ነበር። ከዚያም ወደ ግድግዳው ዞረው፣ በዱላ የደበደቡትን ቦታ በመዳፋቸው ፈልገው አገኙና «ጣትህን አይስበረው፣ ውብሸት» አሉት።